የአንድን ሕዝብ ገጽታ የመዘገቡት ፎቶግራፍ አንሺ አውጉስት ሳንደር

የአንድን ዘመን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገላብጠው የነገሥታትንና የጦር አዛዦችን ዜና መዋዕል፣ የምክር ቤት ውሳኔዎችንና የመንግሥታት ውሎችን ነው። በዚያው ዘመን ማሳ ያረሰው፣ ዳቦ የጋገረው፣ ደብዳቤ ያደለውና በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማኅተም የመታው ሰው ምን ይመስል እንደነበር ግን በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ይህን ክፍተት በካሜራ ለመሙላት አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ከሰጡ ባለሙያዎች መካከል ጀርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ አውጉስት ሳንደር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሳንደር የአንድን አገር ሕዝብ ከገበሬ እስከ ባለ ሥልጣን፣ ከተማሪ እስከ ሥራ አጥ በየሙያውና በየደረጃው አንስቶ በአንድ መዝገብ የማሰባሰብ ዕቅድ ነበራቸው። ዕቅዱን ከዳር ለማድረስ ሲጥሩ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን አይተዋል፤ የበኩር ልጃቸውን በእስር ቤት አጥተዋል፤ የመጽሐፋቸው ማተሚያ ሰሌዳዎችም በመንግሥት ትእዛዝ ወድመውባቸዋል። ያም ሆኖ መዝገቡን ሊያጠፋው ከተነሣው ሥርዓት ይልቅ መዝገቡ ራሱ ረዥም ዕድሜ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውጉስት ሳንደር የተወለዱት ኅዳር 17 ቀን 1876 በምዕራብ ጀርመን ዚገርላንድ በተባለው የማዕድን አካባቢ በምትገኘው ሄርዶርፍ ነው። አባታቸው በማዕድን ማውጫ ጉድጓዶች ውስጥ የእንጨት ድጋፍ የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። የአካባቢው ወጣት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ ማዕድን ሥራ መሰማራቱ የተለመደ ስለነበር ሳንደርም በ14 ዓመታቸው ገደማ በዚያው የብረት ማዕድን ሥራ ጀመሩ።

የሕይወት አቅጣጫቸውን የለወጠው አጋጣሚ የተፈጠረው በዚሁ የሥራ ቦታ ነው። ማዕድኑን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ የመጣ አንድ ባለሙያ ዕቃውን የሚሸከምለትና መንገድ የሚያሳየው ረዳት ሲፈልግ ወጣቱ ሳንደር ተመደቡለት። በካሜራው መስታወት ላይ የሚያውቁትን መልክዓ ምድር ሲመለከቱ በሙያው ፍቅር ተያዙ። አጎታቸው በገንዘብ ስለረዷቸው በ1892 የራሳቸውን ካሜራ ገዝተው በቤተሰባቸው መኖሪያ ውስጥ የፎቶግራፍ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል አዘጋጁ።

ከ1897 እስከ 1899 በትሪየር ከተማ የውትድርና አገልግሎታቸውን ሲፈጽሙ በትርፍ ጊዜያቸው በአንድ ፎቶ ቤት በረዳትነት ይሠሩ ነበር። አገልግሎታቸውን ካጠናቀቁ በኋላም በርሊንን፣ ማግደቡርግን፣ ሃለን፣ ላይፕዚግንና ድሬስደንን እየተዘዋወሩ ሙያውን አዳበሩ። በ1901 ወደ ኦስትሪያ ተሻግረው በሊንዝ ከተማ በሚገኝ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። በማግሥቱ ዓመት ድርጅቱን ከአንድ ሸሪክ ጋር የተረከቡ ሲሆን በ1904 ብቸኛ ባለቤቱ ለመሆን በቁ። በ1902 ካገቧቸው ከባለቤታቸው ከአና ዛይተንማኸር ጋር ትዳር የመሠረቱትም በዚሁ ወቅት ነው። የበኩር ልጃቸው ኤሪክ በ1903፣ ሁለተኛው ልጃቸው ጉንተር ደግሞ በ1907 ተወለዱ።

በሊንዝ የነበረው ፎቶ ቤት ገበያው የደራ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ ፎቶግራፍን የቀለም ቅብ ሥዕል ማስመሰል በመሆኑ ሳንደርም ደንበኞቻቸውን በተጌጠ ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ፣ የፊታቸውን እንከን እያስተካከሉና ሻካራ ወረቀት ላይ እያተሙ ይሠሩ ነበር። በዚህ ሥራቸውም ሽልማቶችን አግኝተዋል። በኋላ የታወቁበት አሠራር ግን ከዚህ ልማድ ፍጹም የራቀ ነው።

ሳንደር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጀርመን የተመለሱት ከ1909 መጨረሻ እስከ 1910 ባለው ጊዜ ሲሆን ኑሯቸውን በኮሎኝ ከተማ ሊንደንታል ሠፈር አደረጉ። አዲሱ ፎቶ ቤት በቂ ደንበኛ ስላልነበረው ካሜራቸውን ይዘው በብስክሌት ወደ ቬስተርቫልድ ገጠሮች እየወጡ ገበሬዎችን በየደጃፋቸው ማንሣት ጀመሩ። የገጠሩ ነዋሪ የሰርግ፣ የክርስትናና የቤተሰብ መታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ይፈልግ ስለነበር ሥራው የዕለት ገቢ አስገኘላቸው።

ለእንጀራ ተብሎ የተጀመረው ይህ ሥራ ቀስ በቀስ ሌላ ትርጉም እየያዘ መጣ። ገበሬው ወደ ፎቶ ቤት ሳይሄድ በራሱ ግቢ፣ በራሱ ልብስና በተፈጥሮ ብርሃን ሲነሣ ለባለጸጋው የከተማ ደንበኛ ከሚደረገው ማስዋብ ይልቅ የበለጠ ክብር ያለው ሆኖ ታያቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ የሚታመኑ አዛውንት ሴቶች፣ በትር የተመረኮዙ ሽማግሌዎች፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በጽሞና የተቀመጡ ባልና ሚስት በዚህ ጊዜ ያነሷቸው ናቸው። ሳንደር እነዚህን የገጠር ፎቶግራፎች የኋለኛው ታላቅ ዕቅዳቸው መሠረት አድርገው ወስደዋቸዋል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው በ1914 ያነሡት የሦስት ወጣቶች ፎቶግራፍ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተውና ከዘራ ይዘው ወደ ጭፈራ ሲሄዱ በገጠር መንገድ ላይ ቆም ብለው ወደ ካሜራው ዞር ሲሉ ይታያሉ። ፎቶግራፉ ወጣት ገበሬዎች የሚል ርዕስ ቢሰጠውም ከብዙ ዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት ሁለቱ የአካባቢው ብረት ማዕድን ሠራተኞች፣ ሦስተኛው ደግሞ የዚያው ማዕድን የቢሮ ሠራተኛ እንደነበሩ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በተቀሰቀሰው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ከሦስቱ አንዱ ሕይወቱን አጥቷል።

ሳንደር ራሳቸውም ለጦርነቱ ተጠርተው እስከ 1918 በሠራዊቱ ውስጥ ቆይተዋል። ፎቶ ቤቱ እንዳይዘጋ ሥራውን ተክተው ያካሄዱት ባለቤታቸው አና ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አገዛዝ ተወግዶ በጀርመን ሪፐብሊክ ተመሠረተ። የቀድሞው የማዕረግ ሥርዓት ሲናጋ፣ ገበሬው ወደ ፋብሪካ ሲጎርፍና ሴቶች በመሥሪያ ቤቶች በብዛት መቀጠር ሲጀምሩ የኅብረተሰቡ መልክ በፍጥነት ተለወጠ። በዚህ ወቅት ሳንደር በኮሎኝ ይኖሩ ከነበሩ የለውጥ አቀንቃኝ ሠዓልያን በተለይም ከፍራንዝ ቪልሄልም ዛይቨርት ጋር ተቀራረቡ። ሠዓልያኑ ኅብረተሰቡ በምን መልክ እንደተዋቀረ በሥዕሎቻቸው ለማሳየት የሚጥሩ ስለነበሩ ከእነርሱ ጋር የተደረገው ውይይት የሳንደርን ሐሳብ አጠናከረው።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ሳንደር «የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች» በሚል ርዕስ የሰየሙትን ዕቅድ ነደፉ። ዕቅዱ እያንዳንዳቸው 12 ፎቶግራፎች የሚይዙ 45 ያህል አቃፊዎችን ያካተተ ሲሆን ሥራው በሰባት ክፍሎች ተመድቧል። እነዚህም ገበሬው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ሴቷ፣ የሙያና የማኅበራዊ መደቦች፣ አርቲስቶች፣ ታላቁ ከተማ እና የመጨረሻዎቹ ሰዎች የተሰኙ ናቸው። ከመሬት ተነሥቶ በሙያና በሥልጣን መሰላል እያደገ ወደ ከተማ የሚደርሰው ይህ ዑደት የሚቋጨው በአካል ጉዳተኞች፣ በሕሙማንና በሙታን ነው።

አራተኛው ክፍል በተለይ የመንግሥት ሥራን የሚመለከት ነው። ተማሪውና ምሁሩ፣ ሐኪሙ፣ ዳኛውና ጠበቃው፣ ወታደሩ፣ ካህኑ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና ፖለቲከኛው የየራሳቸው አቃፊ ሲኖራቸው የመንግሥት ሠራተኛውም ለብቻው ተመድቦለታል። የደንብ ልብሳቸውን የለበሱ የጉምሩክ ሠራተኞችና ገንዘብ የሚያደርስ ፖስተኛ በሳንደር ካሜራ ፊት ከቆሙት መካከል ይገኙበታል። በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ የደንብ ልብሱ ሥልጣንን ሲገልጽ ፊትና እጅ ደግሞ ከልብሱ ውስጥ ያለውን ሰው ይገልጻሉ።

የሳንደር የአሠራር ዘዴ በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። ትናንሽ ዘመናዊ ካሜራዎች በገበያ ላይ በዋሉበት ጊዜ እርሳቸው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቆም ትልቅ ካሜራና የመስታወት ኔጋቲቭ መጠቀማቸውን አልተዉም። ብርሃኑ በኔጋቲቩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ተነሺው ለጥቂት ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። በዚህም ምክንያት ሰውየው የቅጽበት ፈገግታውን ትቶ ራሱን ሰብስቦ፣ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ወስኖ ይቆማል። ሳንደር ቀደም ሲል የለመዱትን የማስዋብ ሥራ ትተው ለቴክኒክ ሥራዎች ይውል የነበረውንና ዝርዝሩን አጉልቶ የሚያሳየውን ለስላሳ ወረቀት መጠቀም ጀመሩ።

በ1928 ያነሡት ኬክ ጋጋሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጋጋሪው ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ በማብሰያ ክፍሉ መካከል ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ በእጁ ይዞ በሙሉ ቁመናው ቆሟል። በዚያው ዓመት የተነሣው የግንበኛ ረዳት በትከሻው ላይ ባለው ጣውላ ጡብ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ይመለከታል። በ1931 የተነሣችው የኮሎኝ ሬዲዮ ጣቢያ ጸሐፊ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ሲጋራ በጣቶቿ መካከል ይዛ ተቀምጣለች። በፎቶግራፎቹ ሥር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሰዎቹ ስም ሳይሆን ሙያቸው ብቻ ነው። ሥራ ለሌለው ሰው እንኳ ሳንደር ሥራ አጥ የሚል ርዕስ ሰጥተው ከሌሎቹ እኩል በመዝገባቸው አስፍረውታል።

ሥራው ለሕዝብ የቀረበው በ1927 በኮሎኝ የሥነ ጥበብ ማኅበር በተከፈተ ዐውደ ርዕይ ነው። ከሁለት ዓመታት በኋላ በ1929 ደግሞ 60 ፎቶግራፎችን የያዘውና «የዘመን ገጽታ» የተሰኘው መጽሐፍ ለኅትመት በቃ። መቅድሙን የጻፉት ሐኪምና ደራሲ የነበሩት አልፍሬድ ዶብሊን ሲሆኑ ፎቶግራፎቹ ከብዙ ማብራሪያ በላይ የኅብረተሰብን ታሪክ እንደሚያስተምሩ አስገንዝበዋል። ፈላስፋውና ሃያሲው ዋልተር ቤንያሚንም በ1931 ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ባሳተሙት ጽሑፍ የሳንደር ሥራ የሥልጣን መለዋወጥ በበዛበት ዘመን የሰውን ፊት ማንበብ ለሚያስፈልገው ዜጋ መማሪያ እንደሆነ አመልክተዋል። ሳንደር በዚያው ዓመት በሬዲዮ ባቀረቧቸው ተከታታይ ንግግሮች ፎቶግራፍ ማንኛውም ሕዝብ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ቋንቋ መሆኑን ለአድማጮች አስረድተዋል።

«የዘመን ገጽታ» የትልቁ ሥራ ማስተዋወቂያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ይሁንና ሙሉው ሥራ በታቀደለት ጊዜ ሊታተም አልቻለም። በ1933 የናዚ ፓርቲ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሳንደር ቤተሰብ ላይ መከራ መውረድ ጀመረ።

የበኩር ልጃቸው ኤሪክ በሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ ውስጥ በኅቡዕ ይንቀሳቀስ ስለነበር በ1934 ተያዘ። በማግሥቱ ዓመትም የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1936 ደግሞ የ«ዘመን ገጽታ» የማተሚያ ሰሌዳዎች በባለ ሥልጣናት ትእዛዝ እንዲወድሙና ያልተሸጡት ቅጂዎች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ናዚዎች ለሕዝብ ሊያሳዩት የሚፈልጉት የጀርመን ገጽታ በዘር ንጽሕና ላይ የቆመ አንድ ወጥ ምስል ነበር። የሳንደር መጽሐፍ ግን ገበሬና ቦክሰኛ፣ የኢንዱስትሪ ባለጸጋና አብዮተኛ፣ ባለ ሥልጣንና ሥራ አጥ ጎን ለጎን የቆሙበት በመሆኑ ከዚያ ምስል ጋር የሚጣጣም አልነበረም።

ሳንደር ከዚህ በኋላ በራይን ወንዝ ዳርቻና በአካባቢው የሚገኙ መልክዓ ምድሮችን ወደ ማንሣት አዘነበሉ። ፎቶ ቤታቸው ግን ሥራውን አላቋረጠም። በ1938 ገደማ በርካታ የኮሎኝ አይሁዳውያን ለመታወቂያና ለጉዞ ሰነድ የሚሆን ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። በዚያው ፎቶ ቤት የናዚ ፓርቲ አባላትና የደንብ ልብስ የለበሱ መኮንኖችም ይነሡ ነበር። ሳንደር ሁለቱንም ወገኖች ያነሡት በአንድ ዓይነት አቀራረብ፣ በአንድ ዓይነት ጽሞና ነው። መታወቂያው አንዱን ዜጋ ከሌላው ለይቶ ለማሳደድ መሣሪያ በሆነበት ጊዜ ለዚያው መታወቂያ የተዘጋጀው ፎቶግራፍ የተሳዳጁን ሰብዓዊ ክብር ጠብቆ አቆይቷል።

ኤሪክ በዚግቡርግ እስር ቤት ሳለ ከአባቱ የተማረው ሙያ ስለነበረው የእስር ቤቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በዚህም አጋጣሚ የፖለቲካ እስረኞችን ፎቶግራፍ አንስቶ ለወላጆቹ በድብቅ ማድረስ ችሏል። የእስራት ዘመኑ ሊገባደድ በተቃረበበት ጊዜ፣ መጋቢት 23 ቀን 1944 ሕክምና ባልተደረገለት የትርፍ አንጀት ሕመም ሕይወቱ አለፈ። አባት የልጃቸውን ፊት ቅርጽ በፎቶግራፍ አንስተው ከመዝገባቸው ጋር አኖሩት።

በዚሁ የጦርነት ወቅት ሳንደር ለሥራቸው መጥፋት እየሰጉ በመሄዳቸው ይበልጥ አስፈላጊ ያሏቸውን 10 ሺህ ያህል ኔጋቲቮች ከኮሎኝ አውጥተው በቬስተርቫልድ ወደምትገኘው ኩኽሃውዘን መንደር አጓጓዙ። ጥንቃቄው ተገቢ እንደነበር ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1944 የኮሎኙ ፎቶ ቤት በአየር ድብደባ ፈረሰ። በምድር ቤቱ የቀሩት ከ25 ሺህ በላይ ኔጋቲቮች ከቦምብ ቢተርፉም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ወደሙ። የአንድ ሰው የአርባ ዓመታት ድካም አብዛኛው ክፍል በዚህ ሁኔታ ጠፋ።

ሳንደር በ70 ዓመታቸው በትንሿ መንደር ተቀምጠው ከቃጠሎው የተረፈውን ማደራጀት ቀጠሉ። ቀደም ሲል በዕቅዱ ያልነበሩ ሦስት አቃፊዎችም በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አገኙ። አንደኛው የናዚ አባላትን፣ ሁለተኛው ተሳዳጆቹን አይሁዳውያን፣ ሦስተኛው ኤሪክ ከእስር ቤት የላካቸውን የፖለቲካ እስረኞች ፎቶግራፎች የያዘ ነው። አሳዳጁም ተሳዳጁም፣ አሳሪውም ታሳሪውም የአንድ ክፍለ ዘመን ሰዎች ሆነው በአንድ መዝገብ ሰፈሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራቸው ቀስ በቀስ እንደገና ተፈላጊነት አገኘ። በ1951 በኮሎኝ በተካሄደው የፎቶኪና ትርዒት ሥራዎቻቸው ለእይታ ቀረቡ። በ1953 የኮሎኝ ከተማ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን የከተማዋን ገጽታ የሚያሳየውን ስብስባቸውን ገዛ። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ስታይከንም በ1955 ባዘጋጁት «የሰው ልጅ ቤተሰብ» በተሰኘው ዐውደ ርዕይ ከሳንደር ሥራዎች ጥቂቶቹን አካተዋል። በ1958 የትውልድ መንደራቸው ሄርዶርፍ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1960 የጀርመን ፌዴራል ሪፐብሊክ የክብር ሜዳይ ሸለማቸው፤ በ1961 ደግሞ የጀርመን ፎቶግራፍ ማኅበር የባህል ሽልማት ተበረከተላቸው።

አውጉስት ሳንደር ሚያዝያ 20 ቀን 1964 በ87 ዓመታቸው በኮሎኝ ከተማ አረፉ። ሙሉ ሥራቸው እርሳቸው ባሰቡት መልክ ታትሞ ለማየት አልታደሉም። ልጃቸው ጉንተር በ1980 «የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች» የተባለውን ሥራ አደራጅቶ አሳተመ። የቀሩት ኔጋቲቮችና ኅትመቶች በ1992 በኮሎኝ በሚገኝ የባህል ተቋም ሥር ከተጠቃለሉ በኋላም በ2002 ሥራው 619 ፎቶግራፎችን ይዞ በሰባት ቅጾች ታተመ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም በ2015 የእነዚህኑ 619 ፎቶግራፎች ሙሉ ስብስብ አግኝቷል።

ሥራው ትችት የማይቀርብበት አይደለም። ሴቶች በራሳቸው ሙያ ከመመደብ ይልቅ በአብዛኛው ሚስትና እናት ሆነው በአንድ ክፍል መጠቃለላቸው፣ አካል ጉዳተኞችም የመጨረሻዎቹ ሰዎች በሚል ስያሜ በመዝገቡ ጫፍ መቀመጣቸው የዘመኑን አመለካከት የሚያንጸባርቅ እንጂ ለዛሬ አርአያ የሚሆን አይደለም። ማዕድን ሠራተኞቹ በገበሬነት መመዝገባቸውም ሰውን በአንድ ቃል የሚገልጽ ርዕስ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያመለክታል። ይሁንና ሳንደር ያወጡት ርዕስ ጉድለት ቢኖርበትም ፎቶግራፉ ራሱ ተመልካቹ እንዲያርመው ዕድል ይሰጣል።

የሕዝብ መዝገብ የሚይዝ ማንኛውም ተቋም ሰዎችን በቅጽ፣ በቁጥርና በጉርድ ፎቶግራፍ ይለያል። ያለ ምደባ አገልግሎት ማዳረስ ስለማይቻል ይህ አሠራር የግድ ነው። በሳንደር ዘመን የነበረው መንግሥት መዝገብን ለማግለልና ለማጥፋት ሲጠቀምበት ሳንደር ደግሞ ለማስታወስ ተጠቀሙበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በካሜራው ወይም በቅጹ ሳይሆን ከፊቱ ለቆመው ሰው በሚሰጠው ክብር ላይ የተመሠረተ መሆኑን የእኚህ ባለሙያ ሕይወትና ሥራ ያስረዳል። ኬክ ጋጋሪውም፣ ፖስተኛውም፣ ለመታወቂያ ፎቶግራፍ የመጡት ተሳዳጆችም ዛሬ በዐውደ ርዕዮችና በመጻሕፍት ገጾች ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ተመልካቻቸውን በእኩልነት ይመለከታሉ።